ሰባተኛው ወንበር

ባለፈው ሳምንት ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ተራ አስከባሪው «ሰባት ቁጥር! ና ጫን!» ብሎ ተጣራ። ዞርኩ። በዚያ ስም ከተጠራሁ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ አንገቴ ግን አልረሳውም ኖሯል። የተጠራሁት እኔ አልነበርኩም፤ ሚኒባሱን እያስጠጋ የነበረው ሾፌር ነው። ገብቼ ከኋላ ወንበር ጥግ ያዝኩ። ፊቱን በመስታወቱ ውስጥ ሳየው ለየሁት።

ያንን ስም መጀመሪያ የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ አባቴ ደግሞ ከወሎ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከሰፈራችን ጋራዦች መሀል ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጡረተኛ ጌም ቤት ከፈቱ። ስምንት ኮምፒውተር በገመድ ተያይዞ ስምንት ሰው እርስ በርሱ ይታኮሳል። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይገባል። ጀማሪ ግን ሰባተኛው ወንበር ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ኪቦርድ የሚደበድበው ጀማሪ ነው ብለው፣ ከባንኮኒያቸው ሆነው እንዲጠብቁት ጋሽ ታደሰ ያወጡት ሕግ ነው። ወንበሩ በሩ ጋ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ትተኛለች፤ የጋራዡ ናፍታና ደጅ ላይ የሚጠበሰው ቦንቦሊኖ ተቀላቅለው ይሸቱሃል።

የዚያ ቤት ንጉሥ ቢኒያም ነበር። እኩያዬ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ። የገባሁ ቀን ደጋግሞ ከገደለኝ በኋላ ተነስቶ ከኋላዬ ቆመና ቤቱ ሁሉ እየሰማ አረመኝ።

«ልብ በሉ» አለ፤ «የጠፋ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄደው። አንዴ ይተኩስና ጥይት ይሞላል። ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፋራ በዚህ ነው የሚታወቀው።»

ያለው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ «ሰባት ቁጥር» አለኝ፤ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ጌም ቤት ውስጥ ነበር፤ ቀጥሎ ቦንቦሊኖ ሻጯ፣ ከዚያ የጋራዥ ሠራተኞቹ። አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ አንዱ ከመንገድ ማዶ «ሰባት ቁጥር፣ እንዴት ነህ?» ብሎ አባቴ አጠገብ ጠራኝ። አባቴ ቀድሞኝ ወደ ቤት ገባ። ምሳ ቀርቦ አንድ ጊዜ ጎረሰና ተወው።

«እንድሪስ የአባቴ ስም ነው» አለኝ። «እኔ መንገድ ላይ እያለሁ፣ ሳልደርስለት ተቀበረ። በሱ ፋንታ እንድጠራህ ነው ያወጣሁልህ። ቁጥር ብዬ አላወጣሁልህም።»

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያች ምሳ ጀምሮ ቂም ያዝኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እውነት ነው። ያን ክረምት ሰግጄ ስነሳ እንኳ የማስበው ቢኒያምን ነበር።

በሰቃን ትቼ ጭቃውን እየረገጥኩ ቃሊቲ ድረስ እሄድ ጀመር። እዚያ ኢንተርኔት ያለው ቤት ነበር፤ መስመሩ በደህናው ቀን ከባሕር ማዶ ሰው ጋር ያገናኝሃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በጌሙ ውስጥ የሰው ኮቴ አይሰማም፤ ስለዚህ በዓይኔ ብቻ መጫወት ተማርኩ። ይገርመኛል እስከ ዛሬ፤ ፊቱን አይተኸው የማታውቀውን፣ ቋንቋውን የማትሰማውን ሰው ጀማሪ መሆኑን በአሥር እርምጃ ውስጥ ትለየዋለህ። በሩ መሀል ይቆማል። የገደለውን ሰው ጠጋ ብሎ ያያል። ከሁሉ በላይ ግን የእጁ ነገር ነው፤ ሲዞር ዒላማውን አልፎት ይሄድና ይመለሳል። ሌላውን በወር ትተወዋለህ፤ ይህኛው ግን እጅ እስኪላመድ ድረስ አይለቅም።

አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ጋቢና ተቀምጬ ወደ ሞጆ ስንወርድ ከፊታችን የነበረው መኪና ፍሬን አበዛ። ያው የለመድኩት ዓይን ነውና «ጀማሪ ነው» አልኩ። አባቴ መሪውን እንደያዘ «የጫነውን ሳታይ አትፍረድ» አለኝ። ሰማሁት፤ ግን ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። ያኔ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ነው፤ የጀማሪን ምልክት አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው፣ ምልክቱን እንደ ልብስ ሊለብሰውም ይችላል።

መስከረም ላይ፣ የአቃቂ ጭቃ መድረቅ ሲጀምር ተመለስኩ። ቢኒያም የወትሮ ቦታው ላይ ነበር፤ ሲያየኝ «ሰባት ቁጥር፣ ቦታህን ታውቀዋለህ» አለ። ቤቱ ሳቀ። ሰባተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና እኔና እሱ ብቻ፣ ቀድሞ አሥር የገደለ ያሸንፋል ተባባልን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች መሬት መሬት እያየሁ ሄድኩለት፤ ባዶ ግድግዳ ተኩሼ ጥይት ሞላሁ፤ በር መሀል ቆሜ ሞትኩ። በሦስተኛው ሳይጠነቀቅ ሜዳ ላይ ወጣ። ገደልኩት። በአራተኛውም፣ በአምስተኛውም። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ።

ስድስተኛው ላይ አንድ ነገር አየሁ። የቢኒያም ሰው ሲዞር አልፎኝ ሄዶ ተመለሰ። የዚያ ቤት ንጉሥ እንደ ጀማሪ! አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁት። ማውሱን ወደ ግራ አዙሮት በግራ እጁ ነው የሚነካው፤ ቀኝ እጁ ጃኬት ኪሱ ውስጥ ነው። ክረምቱን አንድ ፋብሪካ ፈረቃ እንደገባ ሰምቼ ነበር። እጁ አንድ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ለመሸፈን ብሎ መቀለዱን፣ ያ የወትሮ ወንበሩ የቀረው ብቸኛ ነገር እንደሆነም ገባኝ። አላቆምኩም። እንዲያውም የሚዘገይበትን ጎን አውቄ በዚያ በኩል ብቻ መጣሁበት።

አሥር ሲሞላልኝ ተነስቼ ከኋላው ቆምኩ። «ልብ በሉ» አልኩ፤ «ሲዞር ያልፍና ይመለሳል። ፋራ በዚህ ነው የሚታወቀው። ተነስ፣ ቦታህ በሩ ጋ ነው።»

ተነሳ። ወንበሩን ለመሳብ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ በፋሻ የተጠቀለለ ነበር፣ ሁለት ጣት የለውም። ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ የተጀመረ ሳቅ ነውና። ቢኒያም ፀሐይ የተኛችበት ስክሪን ፊት ተቀምጦ ማውሱን ወደ ግራው አዞረ። አንዱ «ሰባት ቁጥር» አለው። እኔን እንዳይሆን ብዬ የሁሉንም ፊት አየሁ፤ ሁሉም የሚያየው እሱን ነበር። ቦንቦሊኖ ገዝቼ እየበላሁ ወደ ቤት ሄድኩ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ለአባቴ እንደ ድሮው እንድሪስ መባሌን ነገርኩት፤ እንዴት ሆኖ እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

እና ባለፈው ሳምንት ከኋላ ወንበር ሆኜ መሪውን የያዘውን ባለ ሦስት ጣት እጅ እያየሁ አቃቂ ድረስ ሄድኩ። አነዳዱ ልስልስ ነው። አላወቀኝም። ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩና «ቢኒያም» ብዬ ጠራሁት። አልዞረም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። አብራኝ የወረደች ሴት ዕቃዋን እያነሳች አዘነችልኝ።

«በዚያ ስም አይሰማህም» አለችኝ፤ «ሰባት ቁጥር በለው።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ አልደብቅም። እስከ ዛሬ ድረስ አሸንፌዋለሁ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ አንድ ጎርሶ የተወውን አባቴን አሰብኩ፤ ቢኒያምም ስም ያወጣለት አባት ነበረው። ሴትዮዋ ያለችኝን ብል ይዞር ነበር። ሦስተኛ ጊዜ «ቢኒያም» አልኩ፤ ሚኒባሱ ግን ተነስቶ ነበር።