የእናቴ ስልጆ እና የሁሉም መዝገብ

ሚሌኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቢቸና አማርኛ ሳስተምር፣ እናቴ ታማ አልጋ ላይ ዋለች። በዚያ ክረምት አጠገቧ ተቀምጬ የጾም ማባያዋን የስልጆን አሠራር በደብተር ጻፍኩ፦ ሱፉ እንዴት እንደሚታመስ፣ የባቄላው ዱቄት በሱፉ ውሃ እንዴት እንደሚበስል፣ ሰናፍጩ መቼ እንደሚገባ። «ስንት ይሆናል?» ስላት እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጨበጥ ታደርግልኛለች። እኔ ያንን በማንኪያ ገምቼ እጽፋለሁ። ፍልሰታ ሲፈታ አረፈች።

በዚያን ጊዜ ሞጣ ባዮሎጂ ከሚያስተምር የኮሌጅ ጓደኛዬ ጋር፣ ማንም ሰው ሊጽፍበት በሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ እንሠራ ነበር። እሱ ስለ ዕፅዋት፣ እኔ ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር። የእናቴ አርባ ከወጣ በኋላ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ «ስልጆ» በሚል ርእስ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት። ስወጣ ቀለል አለኝ።

በሳምንቱ ስከፍተው ሁለት መስመር ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ «ይህ መዝገበ ዕውቀት እንጂ የወጥ ቤት ደብተር አይደለም» ይላል። የሰረዘው ጓደኛዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። እቤቱ በረንዳ ላይ ፈተና ያርማል፤ እናቱ አጠገቡ ምስር ይለቅማሉ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ «ምን በድዬህ ነው?» አልኩት።

«ስልጆ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚቦካ፣ በየትኛው ጾም እንደሚበላ ጻፍ» አለኝ ረጋ ብሎ። «ሁለት ማንኪያ ሰናፍጭ ግን ምን ዕውቀት ነው? ነገ ሺህ ሰው የየቤቱን ሽሮ ቢጭንበትስ?»

«አሠራሩን ሳያውቅ ስልጆን አወቀ የሚባል ሰው አለ?»

እናቱ ምስሩን አስቀመጡና «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አሉ። ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩላቸው።

«ሦስት ቀን ይቀመጥ አልክ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«የማን ሦስት ቀን? ዓባይ በረሃ ወርደህ ሦስት ቀን ብታስቀምጠው ይበላሽብሃል። እኔ እዚህ አምስት ቀን አቆየዋለሁ። ማን ነው የነገረህ?»

«እናቴ። አልጋ ላይ ሆና።»

ጓደኛዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለቅሶዬ ላይ ቢቸና መጥቶ ሦስት ቀን አብሮኝ የሰነበተ ሰው ነው። «የእሷ ነው? ታዲያ ለምን የእሷ ነው ብለህ አልጻፍክም?»

«መዝገበ ዕውቀት ላይ ‹እናቴ› ተብሎ ይጻፋል?»

ከአፌ ሲወጣ የእሱኑ ክርክር እንደደገፍኩ ለራሴም ተሰማኝ። እናቱ «እንግዲያ የእሷን ሙያ የአገር ሁሉ ነው ብለህ አትበትነው፤ እኛንም በእሷ እጅ አትለካን» አሉ። ይህን ያሉት እንባዬን አይተው ነበር መሰለኝ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ኢንተርኔት ቤት ገብተን ጽሑፉን አብረን ጻፍነው። ስልጆ ከምን እንደሚሠራ፣ የመፍያ ጊዜው እንደ አገሩ ሙቀትና ብርድ እንደሚለያይ፣ በሁዳዴ እንደሚዘወተር። ማንኪያ የሚል ቃል የለበትም። በኋላ አንድ የማናውቀው ሰው በእነሱ አገር እንዴት እንደሚበላ ጨመረበት፤ ጓደኛዬ ደውሎ ሲነግረኝ ከልቤ ደስ አለኝ።

አሠራሩን ግን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ የጁቤ ከተማ ላገባችው እኅቴ ወሰድኩላት። አንብባ ሳቀች።

«እማ ነጭ ሽንኩርት እንዲህ አታበዛም ነበር እኮ! አንተ ስትመጣ ብቻ ነው፣ ስለምትወድ።»

እኔ በሕይወቴ ሙሉ ሌላ ዓይነት ስልጆዋን አልቀመስኩም። የዚያን ዓመት ሁዳዴ እኅቴ ዘንድ ሄጄ በሁለት ገንቦ ሠራን፤ አንዱን እንደ እኔ ወረቀት፣ አንዱን እንደ እኅቴ ትውስታ። እሷ ከእኔ ገንቦ፣ እኔ ከእሷ ስንጨልፍ ጾሙ ተጋመሰ።