ድምፅ ሲሰብረኝ

መጀመሪያ የያዘኝ መንጋጋዬን ነው። ወረታ ውስጥ በሰርግ ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ያን ቀን ግሩቭ የምንለውን ተደጋጋሚ የቤዝ ምት፣ አንድ አስቸጋሪውን እየተለማመድሁ ነበር። አውራ ጣት ወፍራሙን ክር ይመታል፤ አመልካችና የመሐል ጣት ቀጭኖቹን እየተፈራረቁ ይስባሉ፤ በመካከል ግራ እጅ ክሩን ለቅጽበት ያፍነዋል። እዚያ ላይ ሁልጊዜ እደናቀፋለሁ። እልኸኛ ነኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ደጋገምሁት። እራት ልበላ ስል አፌ አልከፈት አለኝ። ከመንከሴ ብዛት ነው ብዬ ሳቅሁ።

ከሳምንት በፊት ፎገራ ላይ የእናቴን ሩዝ ሳጭድ ማጭዱ ቁርጭምጭሚቴን ጭሮኝ ነበር። ጭቃ ገባበት፤ ጠረግሁትና ረሳሁት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይኼ ነው።

በማግስቱ አንገቴና ጀርባዬ ደረቁ። የልምምድ ድካም መስሎኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄድሁ። ውሃው ጀርባዬን ሲመታኝ ፈነገለኝ። ወደ ኋላ እንደ ደጋን ጎበጥሁ። ምላሴን ነከስሁ። ደም ዋጥሁ። መጮህ አልቻልሁም። አእምሮዬ ግን ንቁ ነበር።

ባሕር ዳር ወስደው ሆስፒታል አስገቡኝ። ሐኪሙ ለእናቴ፣ «ቴታነስ ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚሉት። ብርሃንና ድምፅ ይቀሰቅሱበታል። ጨለማ ክፍል ይተኛ፤ ያለ ምክንያት ማንም አይንካው» አላት። ቁስሉን ከፍተው አጠቡት። ፀረ መርዝ ወጉኝ። ተሕዋሱን የሚገድል ሜትሮኒዳዞልና ጡንቻ የሚያላላ ዳያዜፓም በደም ሥር ሰጡኝ።

በር ተዘጋ። ተንፈራገጥሁ። ትሪ ወደቀ። ጀርባዬ የተሰበረ መሰለኝ። አንዱ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። ትንፋሼ ቆመ። በድምፅ እንጀራ የምበላውን ሰው ድምፅ ይገድለኝ ጀመር።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ተቀመጠች። ለጠያቂ ሁሉ በሹክሹክታ፣ «ኧረ በማርያም ዝም በሉልኝ! ድምፅ ልጀን እየሰበረብኝ ነው» ትላለች። አክስቴ አይታኝ እሪ ልትል ስትል እናቴ አፏን በመዳፏ አፍና እየጎተተች አወጣቻት።

ሕመሙ በሳምንታት ቀስ በቀስ ሲለቀኝ ክንዴ እንደ ሩዝ ገለባ ቀልሎ ነበር፤ ቤት ገብቼም ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር ሳልሰካ ቤዙን ደረቴ ላይ አስደግፌ አንዱን ክር ነካሁት፣ ንዝረቱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባም ያ ነገር ተመልሶ የመጣ መስሎኝ በፍርሃት አለቀስሁ። የሆስፒታሉ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ እንዳሳየኝ ጣቶቼን በየዕለቱ እያፍታታሁ ግሩቩን ከሀ ጀመርሁት፤ ክሩን ለማፈን አጥብቆ መጫን እንደማያስፈልግ፣ ጣት ሲላላ ክሩ ራሱ ዝም እንደሚል የገባኝ ያኔ ነው። ለካስ ስታገለው ኖሬያለሁ።

እንዲህ ያለ በሽተኛ የምታስታምሙ፣ ተስፋ አትቁረጡ፤ የተኛበትን ክፍል ጸጥ አድርጉለት። ጭቃ የነካው ቁስል ጭረትም ቢሆን በሳሙና አጥባችሁ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ፣ «አንዴ መታመምህ ለሌላ ጊዜ አያድንህም፤ ክትባቱን ጨርስ» አለኝ። ጨርሻለሁ። እርሱንም ነርሶቹንም እግዜር ይስጥልኝ።

እናቴን ግን በምን ቃል ላመስግናት? ግሩቩ የተሳካልኝ ቀን የክፍሌ በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አሁንም ጫማዋን አውልቃ። አምፕሊፋየሩን አየችው።

«ይኼ ነገር አይሰካም?»

«ይጮኻል እኮ፣ እማየ።»

ጫማዋን አጠለቀችና ወለሉን በእግሯ መታችው።

«ይጩህ! አገር ይስማ!»