ባለማይኳና ቶሎ የሚሞተው ተፋላሚ

ሰፈሩ ዛሬ ባለማይኳ ይላታል። ያደገችው በአጎቷ ቪዲዮ ቤት አግዳሚዎች መሃል ነው። አጎቷ የድሮ የካራቴ ፊልም ያሳያል፤ እሷ ትጠርጋለች፣ በር ላይ ትኬት ትቆርጣለች። ስትወልድም ሕፃኗን አዝላ ተመለሰች እንጂ ቤቱን አልተወችም።

ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ፣ ማይክ ይዞ፣ ፊልሙን እየተረጎመ የሁሉንም ድምፅ የሚያወጣው ግን ጎርናናው የሚሉት ሰውዬ ነበር። ለጀግናው የአንበሳ ግርማ ይሰጠዋል፤ ለሽማግሌው መምህር ሳል ይጨምርለታል። ሴቷ ተፋላሚ ግን ስንቱን ጎረምሳ ዘርራ እንኳ በእሱ አፍ “ውይ በሞትኩት!” ከማለት አታልፍም። መልኩ እኛን የሚመስለው ጥቁሩ ተፋላሚ ደግሞ እንደ ሰካራም ይንተባተባል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል፤ ተፋላሚውም ፊልሙ ሳይጋመስ ይሞታል።

“የራሳችን መልክ ሲመጣ ነው እንዴ የምንስቀው?” ትለው ነበር አጎቷን።

“አንቺ ልጅ፣ ፊልም ነው እኮ! ትኬትሽን ቁረጪ።”

ጎርናናው የከባድ መኪና ሾፌርነት አግኝቶ ሲሄድ ማይኩ ባዶውን ቀረ። እሷም ጊዜ አላጠፋችም።

“ካራቴ በሴት ድምፅ?” አለ አጎቷ። “ሰው ልታስተኚ ነው?”

“በሞቴ አጎቴ፣ አንድ ቅዳሜ ስጠኝ። ሰው ተነስቶ ከወጣ መጥረጊያዬን አንስቼ ዝም እላለሁ።”

“ከወጣ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። ኋላ እንዳትነጫነጪብኝ!”

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሕፃኗን ለአማቷ ትታ ማይኩን ጨበጠች። ገና አፏን ስትከፍት ከኋላ አንድ የመናኸሪያ ጫኝ “ጎርናናው ሴት ሆነ እንዴ?” ብሎ ጮኸ።

“እሱስ አልሆነም። አንተ ግን ዝም ካልክ ወንድ ይወጣሃል!”

ሳቁ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ሴቷን ረጋ አድርጋ፣ ቃል እያስቆጠረች አናገረቻት። ጥቁሩ ተፋላሚ በፊልሙ ውስጥ እጁን አጣምሮ ከመቆም በቀር ብዙም አይናገር፤ እሷ ግን ዝምታውን ሞላችለት። ከቡጢ ሊያመልጥ ጎንበስ ሲል “እናቴ ጫማህን ሳታስር አትደባደብ ብላኛለች” አስባለችው። ቤቱ አብሮት ሳቀ እንጂ አልሳቀበትም። ከዚያ በኋላ በመታ ቁጥር ያጨበጭቡለት ጀመር።

አንድ ነገር ግን ዘንግታለች፤ ለሚሞት ሰው ይህን ያህል ፍቅር አይጠራም። ጠላቶቹ ከኋላው መጥተው በጩቤ ወጉት። ወዲያው ጉድ ፈላ።

“አይሞትም!”

“ካሴቱን መልሺው!”

“እንዲህ አስወድደሽን ልትገድዪው?” ብሎ ጫኙ ተነሳ። ከኋላው አንድ አግዳሚ ሙሉ ሰው ተከትሎት ወደ በሩ ነጎደ። አጎቷ ፊቱ ጠቁሮ ማይኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

ስክሪኑ ላይ ሴቷ ተፋላሚ ከሬሳው አጠገብ ቆማለች። ጎርናናው ቢሆን እዚህ ጋ እሪ ያስብላት ነበር። ባለማይኳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ወንድሜን ከኋላ ወጋችሁት፤ ፊት ለፊት ስላልቻላችሁት ነው። እኔ ይኸው ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ኑ!”

አንድ እግሩ ደጅ የወጣው ጫኝ ዞር አለ። “ቆይ፣ ቆይ” አለና ያገኘው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም ተመለሱ። ሴቷ የመጀመሪያውን ስትዘርር “ይቺ የወንድሜ ናት!” አለች ባለማይኳ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ እርግጫ “ይቺም የወንድሟ!” የሚለው ሕዝቡ ሆነ። ፊልሙ እስኪያልቅ አንድ ሰው ደጅ አልወጣም።

ሲበተኑ ጫኙ ጠጋ አለ። “እትዬ፣ ለቅዳሜ የማይሞትበትን አምጪልን።”

“ካሴቱ ከተገኘ አመጣለሁ። ካልተገኘም ሳይናገር አይሞትብህም።”

አማቷ ያመጣችላትን ሕፃን እያጠባች ሳለ አጎቷ ራሱን እያከከ መጣ።

“ጉሮሮሽ አልደረቀም? ሁለተኛው ሾው ሊጀመር ነው፣ ውሃ ላምጣልሽ?”

“አምጣልኝ” አለችው፣ ማይኩን ጭኗ ላይ አስደግፋ። “ሞቅ ያለ ይሁን።”