ያበደው ማውስና የፈትያ ዳንቴል

ጀማነሽ እሳት የላሰች ታይፒስት ናት። ለገሃር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በታይፕ ስትጽፍ ኖራለች፤ ጣቶቿ ቁልፉ ላይ ሲወርዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስል ነበር። ዛሬ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ አልጋ እንኳን በማታስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ትሠራለች። ኪቦርዱን እንደ ድሮው ታይፕ ትገርፈዋለች። ማውሱን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። «በጣት መጻፍ እያለ ጠረጴዛ ማሸት ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ትላለች።

ከመተላለፊያው ማዶ፣ ፊት ለፊቷ፣ ፈትያ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ሁለቱ ካዛንቺስ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ አገንፍታለች፤ የአንዷ ልጅ በሌላዋ ጀርባ ታዝሎ አድጓል። ሰፈሩ ሲነሳ ታዲያ ያ ሁሉ ጎረቤት የትም የትም ተበተነ። አሁን የሚገናኙት ለቅሶ ሲኖር ነው፣ እሱም የሰማ ከሰማ። ከዚያ ሁሉ ሰው ለጀማነሽ የቀረቻት ፈትያ ብቻ ናት። ፈትያ ሱቋን ሳትከፍት ካረፈደች ጀማነሽ በሩ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች።

ፈትያ ደግሞ እጇ አያርፍም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ኪሮሿን አንስታ ዳንቴል ትሠራለች። አንድ ቀን ለጀማነሽ ሙሉ ስብስብ ይዛላት መጣች፤ ለስክሪኑ ባለ ዘርፍ፣ ለፕሪንተሩ አራት ማዕዘን፣ ከማውሱ ሥር የሚነጠፍ ደግሞ ክብ፣ ዙሪያውን አበባ በአበባ የሆነ። «ዕቃሽ ራቁቱን ተቀምጦ ሳየው ይጨንቀኛል» አለቻት። ጀማነሽ አገላብጣ ሳመቻት። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ዳንቴል ለብሶ ባየበት ከተማ ያደገ ሰው፣ ማውስ ዳንቴል ላይ ቢቀመጥ ምን ይገርመዋል?

ጉድ የፈላው ከዚያ ወዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ላይ ሲሏት ወደ ጎን ትዘላለች፣ ተይ ሲሏት ትንቀጠቀጣለች። የሰው ማመልከቻ ተጽፎ ሳያልቅ ሄዳ መዝጊያው ላይ ታርፍና ድርግም! ጀማነሽ ማውሱን ነቅላ ሰካችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ሆዱን በሶፍት ጠረገችው። በማርያም ብላ ለመነችው፤ አልሰማ ሲላት ደግሞ ከነዘር ማንዘሩ ሰደበችው።

ሲብስባት ሰንጋ ተራ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ዳባን ጠራችው። ዳባ ቫይረስ ነው ብሎ ፈለገ፤ የለም። የሚሰካበትን ቀየረ፤ ያው ነው። ማውሱን ይዞ ሄዶ እሱ ሱቅ ሲሞክረው እንደ ጨዋ ልጅ ታዘዘው። መልሶ ሲያመጣው አበደ።

«ማዘር፣ ማለቴ፣ እርስዎ ቤት ሲመጣ ብቻ ነው እኮ የሚያብደው» አላት ጸጉሩን እያከከ።

«ቤቴን ጸበል አስረጪ ነው የምትለኝ?»

ዳባ እየሳቀ ማውሱን ገለበጠው። ከሆዱ ቀይ መብራት በራ። አንዴ መብራቱን፣ አንዴ ዳንቴሉን አየና ጠረጴዛውን ጠበጠበ።

«በቃ፣ አገኘሁት! ይሄ መብራት ዓይኑ በሉት። የሚሄድበትን እያየ ነው ቀስቷን የሚነዳት። ይሄ ጨርቅ ደግሞ ሁሉ ነገሩ ቀዳዳ ነው፣ ግራ ይገባዋል። ዳንቴሉን ያንሱት፣ አለቀ!»

ጀማነሽ ወደ በሩ ዞረች። ፈትያ ማዶ ተቀምጣ ኪሮሿን ታሯሩጣለች፤ ቀና ስትል አየቻትና እጇን አውለበለበችላት።

«ዝም በል አንተ!» አለችው በሹክሹክታ። «ዓይኗን አጥፍታ የሠራችልኝን? ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

«ማዘር፣ ጨርቅ እኮ ነው።»

«ሂድ ወዲያ፣ ልጅ ነህ፣ አይገባህም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማነሽ ሌባ ሆነች። ፈትያ ዘወር ስትል ዳንቴሉ ላይ ንጹሕ ወረቀት ታነጥፋለች፤ ማውሱም ሰላም ይሆናል። ፈትያ ብቅ ስትል ወረቀቱን ላፍ አድርጋ መሳቢያ ትከታለች። «ማውስሽ ተሻለው?» ስትባል፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «ኤዲያ፣ ይሄ መብራት እየሄደ እየመጣ አበላሸው መሰለኝ» ትላለች።

አንድ ጠዋት ፈትያ ፊቷ በርቶ ገባች። ልጇ ሀምዲያ ልታገባ ነው፤ የሰርጉን ካርድ ከጀማነሽ በቀር ማንም እንዲሠራላት አትፈልግም። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ካልደረሰኝ ለሰርጉ አላደርስም ብሏታል። ይህን ብላ ወንበር ሳበችና ከጀማነሽ አጠገብ ተደላድላ ተቀመጠች። ወረቀት ማንጠፍ ቀረ!

ጽሑፉን ጣቶቿ አፍታም ሳይቆዩ ጨረሱት። ችግሩ የሙሽሮቹን ስም ካርዱ ላይ ባለው አበባ መሃል ማስቀመጡ ላይ ነው። ጀማነሽ ትንፋሿን ውጣ ማውሱን ገፋ አደረገችው። ሀምዲያ ከሙሽራው ከሙሐሲን ጎን ተነሥታ ካርዱ ጥግ ላይ ብቻዋን ቆመች።

«ያ ረቢ! ልጄን ወዴት ነው የምትወስጃት?»

«መጣች፣ መጣች» ብላ ሙሽሪትን ወደ ቦታዋ መለሰቻት። አሁን ደግሞ ሙሐሲን አበባው ሥር ገብቶ ጠፋ። ሁለቱም ሳቁ። ደግማ ሞከረች፣ እንደገና ሞከረች፤ ሰዓቱ ሲነጉድ ሳቁም ጠፋ። ፈትያ ድንገት ብድግ ብላ ወጣች። ጀማነሽ ተመስገን ብላ መሳቢያውን ሳትከፍት፣ ፈትያ ከጎን ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አዲስ ማውስ ከነካርቶኑ ይዛ ተመለሰች።

«እንኪ! ከዚህ አሮጌ ጋር ስትታገዪ ልትሞቺ ነው እንዴ? የሀምዲያ ስጦታ በይው።»

ጀማነሽ ሳትወድ ተቀበለቻት። ሰካችው። አዲሱም እንደ አሮጌው ሙሽሪትን ይዟት ሮጠ።

«ይሄንንም አጭበርብረውኛል ማለት ነው!» ፈትያ ማውሱን ነቀለችና ወደ በሩ ተንደረደረች። «ወላሂ፣ ፊታቸው ላይ ነው የምወረውርላቸው!»

ያ ምስኪን ሻጭ ምንም ሳያደርግ ሲሰደብ ለጀማነሽ ታያት። ዘላ የፈትያን ክንድ ያዘች።

«ፈትዬ፣ ማውሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ዳንቴልሽ ነው።»

ፈትያ ባለችበት ቀረች። ጀማነሽ መሬት መሬቱን እያየች ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ቀዩን መብራት፣ ቀዳዳውን፣ ዳባ ያላትን፣ ወረቀቱን ሳይቀር። ፈትያ ዳንቴሉን ትክ ብላ አየችው። ጀማነሽ በልቧ አለቀልኝ አለች።

«አውቀሽ ነው እስካሁን ዝም ያልሽው?» አለች ፈትያ። «የልጄ ካርድ ሊቀር ሲል እንኳን? ለዚህች ለማትረባ ክር ብለሽ?»

«ካርዱ ቢቀር ሰው በስልክ ይጠራል። አንቺ ብትቀየሚኝ ግን ሌላ ፈትያ ከየት አመጣለሁ?» ጀማነሽ ይህን ብላ ሳትጨርስ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ፈትያ አዲሱን ማውስ አስቀመጠችና ዳንቴሉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው። ጀማነሽን በአንድ እጇ እቅፍ አድርጋ፣ በሌላው እንባዋን በዳንቴሉ ጠረገችላት። እንባው በቀዳዳው እያለፈ የፈትያን እጅ አራሰው።

«ወይ ጉድ! እንባ እንኳን አይጠርግም እኮ!» አለች፤ የሷም ዓይን ሞልቶ። ከዚያ ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

«በይ ተቀመጪ፣ ልጄን ዳሪልኝ።»

ጀማነሽ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ማውሱን ቀስ አድርጋ ገፋችው። ሀምዲያ ካለችበት ጥግ ተነሥታ ቀጥ ብላ መጣችና ከሙሐሲን ጎን ቆመች። መተላለፊያው ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ እስኪያይ ድረስ ፈትያ እልልታዋን አቀለጠችው።