ጨው ወዳድ ወይስ ጨው ቻይ

የእህቴን ባል የሥራ ባልደረቦቹ «ጨዋው» ይሉታል። ጨዋነቱስ እውነት ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። እነሱ ግን በሥራው መቀለዳቸው ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ጨው ላይ የሚበቅል ፈንገስ ሲፈልግ ነው።

አንድ ቀን ከቆዳ መጋዘን፣ ጨው ከተነሰነሰበት ሌጦ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ፍቆ አመጣ። እስካሁን ማንም ያላወቃት ዓይነት ሳትሆን አትቀርም አለ። ከዚያ ወዲያ ቤቱን ረሳው። ማዕድ ላይ ሳይቀር ወሬው «እሷ» ሆነ፤ እሷ ዛሬ በረታች፣ እሷ ዛሬ መልኳ ፈካ። ሌላ ሴት ብትሆን ለእህቴ ይሻላት ነበር፤ ፀጉሯን ይዛ ትጎትታት ነበር። ሻጋታ በምኑ ይያዛል?

እህቴን ሰው ሁሉ «ቻይ ናት» ይላታል። ይህ ቃል ሲያናድደኝ! ቻይ በተባለች ሴት ላይ ሁሉም ሸክሙን ይጭናል።

አንድ እሑድ ቤታቸው ምሳ እየበላን «አሁን የቀረኝ መመደብ ብቻ ነው» አለ። «ጨው ወዳድ ናት ወይስ ጨው ቻይ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለች እህቴ። ስለ ሥራው መጠየቅ ካቆመች ቆይታለች።

ደስ አለው። «ሁለቱም ጨው ላይ ይኖራሉ፤ በዓይን አይለዩም። ጨው የሌለው ምግብ ላይ ታስቀምጫታለሽ። ወዳድ ከሆነች ትጠወልጋለች። ቻይ ከሆነች ግን እፎይ ብላ ትፋፋለች።»

እህቴ ሹካዋን አስቀመጠች። «እኔስ የትኛዋ ነኝ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ እኔ ቤት መጣች።

«ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም። እኔም ልሞከር ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ስታለቅስ ሰነበተች፤ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ቀስ በቀስ ግን እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር፣ የምግብ ፍላጎቷ ተከፈተ፣ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉር ጀመር። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ፈራሁ። በባሏ መናደድ ሌላ፣ ትዳሯ ሲፈርስ ማየት ሌላ።

በመጨረሻ ሊወስዳት መጣ። ታክሲ በር ላይ አቁሟል። ከስቷል፤ ሸሚዙ አልተተኮሰም።

«ለየኋት!» አለኝ ገና ሳይገባ። «ጨው ወዳድ ናት። ያለ ጨው ሞተችብኝ።»

ከወጥ ቤት የእህቴ ሳቅ ተሰማ፤ ሬዲዮ የሚያወራው ነገር አስቋት ነው። እጇን እያደራረቀች ወጣች። ጉንጯ ሞልቷል።

«ደህና ነህ?» አለችው።

ከእግር እስከ ራሷ አያት። የጠወለገውንና የፋፋውን መለየት እንጀራው ነው።

«ተመችቶሻል» አላት።

«አዎ» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ስንት ዘመን የተናደድኩበት ሰው አንጀቴን በላው። ታክሲው እየጠበቀ ነበር። ብቻውን ገባበት።