ሁዳዴን የጾመው ሠረገላ

በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ከሁሉ ግን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ የአንድ ሠረገላ ዘንግ ነው። ሲሰሙት ያስቃል፣ አውቃለሁ። እኔም ቀድሞ ሰው ቢነግረኝ ስቄ ነበር።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ የነሐስ ጭነት ነበረና፣ የንጉሡ ፈረንጅ አንጥረኞች በዚያ በሠሩት ሠረገላ ላይ ተጫነ። ከጉና ግርጌ፣ ከኛ አገር፣ ስድስት ጥማድ በሬ ከነነጂው እንዲመጣ ታዘዘ። ከስድስቱ አንዱ የኔ ጥማድ ነበር። ጭነቱን አቀበቱ ላይ ስናደርስ በሬዎቻችንን ይዘን እንመለሳለን ተባልን። የገብስ መሬቴ ገና አንድ ጊዜ እንኳ አልታረሰም። ከሁለቱ በሬዎቼ አንዱ ቢሞትብኝ የምተካው አልነበረኝም፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ይልቁንም ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራው ከጥጃነቱ ጀምሮ ከእጄ የበላ ነው። ከልጆቼ ለይቼ አላየውም ብል ሚስቴ ትቆጣለች እንጂ ውሸት አይሆንብኝም።

ሠረገላ ስናይ የመጀመሪያችን ነበር። ያን የሚያህል ጭነት በአራት ክብ እንጨት ላይ ተቀምጦ ሲንቀሳቀስ ባየሁ ጊዜ አማተብሁ።

ከጎኑ አንድ ቅል ተንጠልጥሏል፤ በውስጡ የቀለጠ የበሬ ሞራ አለ። ሠረገላውን የሠራው ጢማም ፈረንጅ፣ መንገድ ሳንጀምር መንኮራኩሮቹ የሚዞሩባቸውን የብረት ዘንጎች በዚህ ቀቡ ብሎን ወደ ኋላ ቀረ። እርስ በርሳችን ተያየን። በሁዳዴ ሞራ ማን ይነካል? በዚያው እጃችን ስንቃችንን ልንበላበት ነው። ከሁሉ አብዝቼ የተቆጣሁት እኔ ነበርሁ። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ስለደገምሁ፣ ከነጂዎቹ ሁሉ ሃይማኖት አዋቂ ነኝ ባይ ነበርሁ። ወዲያውም ብልሃት መጣልኝ። ሚስቴ ለስንቅ የቋጠረችልኝ የተፈጨ ተልባ ነበረ። ሲጠጡት ጉሮሮ ሳይነካ ይወርዳል፤ ከተልባ የበለጠ የሚያንሸራትት የጾም ነገር ምን አለ? በውሃ በጠበጥሁና ዘንጎቹን አንድ ሳላስቀር ለቀለቅሁ።

መጀመሪያ እውነትም ጥሩ ሄደ። ነጂዎቹ መረቁኝ፤ አንዱማ ፈረንጁ ከኔ ይማር አለ። እኔም ከመሬት ከፍ ብዬ መሄድ ጀመርሁ።

ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ተልባው ደረቀ፣ ደርቆም እንደ ሙጫ ያዘ። መንኮራኩሮቹ ይጮኹ ጀመር። በሬዎቹ አንገታቸውን ዘርግተው ይስባሉ፣ ሠረገላው ይንፏቀቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ጋ አሥራ ሁለት በሬ አብሮ አንድ ሠረገላ አቃተው። እኔ በሬዎቹ የሰነፉ መሰለኝ። ቦራው ወደ ኋላ ሲል በሰው ፊት አሳፈረኝና በጅራፍ መታሁት። ደጋግሜ መታሁት። በጉልበቱ ተንበረከከ፤ አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ያን ጊዜ ጅራፉ ከእጄ ወደቀ። ቤቴ የፈረሰ መሰለኝ።

ፈረንጁ በበቅሎ ደረሰብን፤ ቀንበሩን ፍቱ አለ፣ ፈታን። ስለ በሬዬ ስንፍና ላስረዳው ስጀምር እጄን ይዞ ወደ መንኮራኩሩ ወሰደኝና ዘንጉን አስነካኝ። ብረቱ ፋጀኝ፤ ጮኼ እጄን ሳብሁ።

«በሬህ ሰነፍ አይደለም» አለኝ። «ጉልበቱ የት ሄደ? እዚህ ነው። እዚህ ተቃጠለ።»

ከውሃ ቅሌ ጠብ ባደርግበት ቸስ ብሎ ተነነ። ቆሜ ቀረሁ። ማገዶ የለ፣ ፍም የለ፣ ታዲያ ይህ ሙቀት ከየት መጣ? ቦራው ከእጄ የበላው ገብስና ጭድ ነው። የበላው ጉልበት ሆነ፤ ጉልበቱ በቀንበሩና በጠፍሩ አልፎ ዘንጉ በሚገባበት በዚህ ጠባብ የመንኮራኩር ቀዳዳ ውስጥ ገባና እሳት ሆነ። እኔ ጉልበት ሲያልቅ እንደ ጤዛ የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። ለካ አይጠፋም፤ መንገድ ስቶ ይሄዳል እንጂ። ዞር ብል ከበሬዎቹ ጀርባ እንፋሎት ይነሣል፤ ያም ጉልበት ነው። አቀበቱን ሙሉ ሲያደነቁረን የነበረው ጩኸትም እሱው ነው። ነሐሱን የምትገፋው ከዚህ ሁሉ ተርፋ የደረሰችው ጥቂቷ ናት። ፈጣሪ ይህን በየቀኑ ዓይናችን ሥር ደብቆ ማኖሩ አስፈራኝ፤ ደስም አለኝ፣ እንባዬም መጣ።

ፈረንጁ ዘንጉን አጥባችሁ ሞራውን ቀቡ አለ። ማንም ንቅንቅ አላለም። በዚህ መካከል የንስሐ አባቴ ወደ ገሳይ አገር ሲያልፉ ደረሱብን። መስቀላቸውን ተሳልመን የሆነውን ነገርናቸው፤ በጾም ሞራ መንካት አይሆንም ያልሁ እኔ ነኝ ብዬም ተናገርሁ፤ ያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የተንበረከከውን በሬ አዩ፤ በጀርባው ላይ ያለውን ሰንበርም አዩ።

«ጾም የታዘዘው ለሰው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እንጨትና ብረቱን ማን ጹም አለው?»

ተልባውን ፍቄ አጠብሁ። እጄን ሞራው ውስጥ ከትቼ ዘንጎቹን እኔው ቀባሁ። የኔን ጥማድ ትተን የቀሩትን አምስት ጥማድ ብቻ መልሰን ጠመድን። ለስድስት ያልተነሣው ጭነት ለአምስት ተነሣ፤ ጩኸቱም ጸጥ አለ። ቦራው ውሃ ካጠጣሁት በኋላ ነፍስ ዘራ፤ ወደ ቤቴም በእግሩ ተመለሰ፣ በዚያ ዓመት ገብሴን ያረሰው እሱ ነው።

የንስሐ አባቴ ሠረገላው ሲሄድ እስኪያዩ ቆመው ነበር። ሊሄዱ ሲሉ እግራቸው ሥር ወድቄ፣ በሁዳዴ ሞራ ነክቻለሁና ይፍቱኝ አልኋቸው።

«ሞራው ሲታጠብ ይለቃል» አሉ። «አርባ ስግደት ስገድ። ስለ መታኸው በሬ ነው።»

ማታ ከቤቴ ስደርስ እሰግዳለሁ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን በመቋሚያቸው መሬቱን አሳዩኝ። ነጂዎቹ ከላይ ሆነው እያዩኝ፣ አቧራው ላይ አርባውን ሰገድሁ፤ ቦራው ከመንገዱ ዳር ተኝቶ ያመሰኳ ነበር።