ዳዊት ወደ ቀዮቹ የሄደበት ጥቅምት

ከአንድ ሳህን አብሯችሁ ሲበላ የኖረ ሰው የተፎካካሪያችሁን ቱታ ለብሶ ድንገት አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ በታክሲ መስኮት። ነገሩን ረስቼው ነበር ማለት አልችልም። ግን ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ ባያነሡብኝ ኖሮ ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል፣ የመኪና ውድድር የሚከታተል አንድ ተማሪዬ ያነበበውን ዜና ነገረን። በውጭ አገር የአንድ ትልቅ የውድድር ቡድን ዋና መሐንዲስ ወደ ተቀናቃኙ ቡድን ሊሄድ ተስማምቷል። የድሮ ቡድኑ ግን ወዲያው አልለቀቀውም፤ ደመወዙ እየተከፈለው ለወራት ቤቱ ይቀመጣል፣ የሚያውቀው ነገር እስኪያረጅ ድረስ ማለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እየተከፈለው መተኛቱን ያልተመኘ አልነበረም። እኔም እንደ ልማዴ ጠመኔ አንሥቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ብረቱን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፤ አንዱን መኪና ከሌላው የሚያስቀድመው በሠሪዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነገር ስለሆነ ቡድኖች ሰው ይነጣጠቃሉ አልኳቸው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። ደወሉ ተደወለና ሳልመልስላት ቀረሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ግን የምገኘው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ጋሽ ሽፈራው ጋራዥ ነበር። ከጋራዡ ፊት ለፊት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጃንጥላ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ክረምት ላይ ጠበቆች ጥቁር ካባቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ በራችን ላይ የተኛውን ኩሬ ሲዘሉ ማየት የእኛ መዝናኛ ነበር። ጋሽ ሽፈራው የከሳሹንም የተከሳሹንም መኪና ይጠግናሉ፤ ትርፋቸውን ደግሞ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ የጣሊያን መኪና ላይ ያፈሱታል። ይወዳደሩባት ነበር። አምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ መሪ ሲጨብጡ ግን ወገባቸውን የሚያማቸው ሰውዬ የት እንደሚጠፉ እንጃ። እኔ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ መንገድና ሰዓት የምነግራቸው ነበርኩ። የሞተሩ ሥራ የዳዊት ነው።

ዳዊት በዕድሜ በጥቂት ይበልጠኛል። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በእግሩ እየመጣ ከሁላችንም ቀድሞ ጋራዡን ይከፍታል። ማብራራት ስለምወድ "ቲቸር" ያለኝ እሱ ነው፤ መምህር ከመሆኔ በፊት መሆኑ ነው። ስለ አንድ ነገር ማስረዳት ስጀምር ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "ቲቸር፣ ሳይደወል ትጨርሳለህ ወይስ ለነገ እናሳድረው?" ይለኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ተክለ ሃይማኖት እንወጣና አንድ የወሎ ሰው ቤት ፉል እንበላለን። ዘይቱ ገና ሲንጨረጨር፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከላይ ተነስንሶበት፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር ይመጣል። የመጨረሻዋን ዳቦ ዳዊት ለሁለት ይገምሳትና ትልቋን ወደ እኔ ይገፋታል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

የቡድናችን መላ የተወለደውም እዚያው ፉል ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ካርቡራተር ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባት፣ መሐሏ በቀጭኑ የተበሳች አንዲት የነሐስ ፍሬ አለች፤ ቀዳዳዋ የሚመረጠው ለዚህ ስስ አየር ነው። ወደ ቆላ ስንወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ሌሎቹ ቡድኖች ይህን ችለው ይነዱ ነበር። እኔ ስለ አየር እፍጋት በተማርኩ ሰሞን፣ ቁልቁለቱ መሐል ቆመን ፍሬዋን ቀዳዳዋ ሰፋ ባለች ብንቀይራትስ አልኩት። ዳዊት ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነዳጅ እየሸተተው ሲለማመድ ከረመ። ሁለቱም እጆቹ ነጻ እንዲሆኑ አዲሷን ፍሬ በከንፈሩ ይይዛታል፤ አሮጌዋን ፈትቶ አዲሷን ሲያስር እኔ አንድ ነገር አስረድቼ አልጨርስም። እስከ ናዝሬት በሚደረገው የግንቦት ውድድር ሞከርነው። ዳዊት በፒክአፕ ቀድሞን ሄዶ፣ ከደብረ ዘይት በኋላ ወደ ሞጆ በሚወስደው ቁልቁለት አንዲት ግራር ሥር ጠበቀን። ቆመን ስንቀይር ያለፉን ሁሉ ተበላሽተናል ብለው ጥሩምባ እየነፉ ሳቁብን። ሜዳው ላይ አንድ በአንድ ለቀምናቸው፤ አራተኛ ወጣን።

ጎማ የሚሸጡ አንድ የተክለ ሃይማኖት ሐጂ ይህን ሰምተው ጋሽ ሽፈራውን አስጠሯቸው። በጥቅምቱ ውድድር ከሦስቱ አንዱ ከሆንን የዓመት ጎማችንን እንደሚችሉልን ቃል ገቡ። ካልሆንን ደግሞ ጋሽ ሽፈራው ለባለቤታቸው የገቡት ሌላ ቃል አለ፦ መኪናዋ ትሸጣለች። እንግዲህ ጥቅምት ማለት ለእኛ ይህ ነበር።

መስከረም ላይ የቀዮቹ ሹፌር መጣ። ቀዮቹ የምንላቸው ከቦሌ በኩል ያለውን ቡድን ነው፤ ቱታቸው ቀይ፣ መኪናቸው አዲስ ነበር። ሰውዬው ፍሬኔን እዩልኝ አለ። ዳዊት አየለት፤ ፍሬኑ ምንም አልሆነም። ጋሽ ሽፈራው ግን ተፎካካሪ ቤታቸው ድረስ መምጣቱን እንደ ክብር ቆጥረው ሻይ አስመጡለት። ሰውዬው የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ዳዊትን ስለ እናቱ ጤና ጠየቀው። እናቱ መታመማቸውን ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰኞ ዳዊት ቀረ። ማክሰኞም አልመጣም። ስልክ የለውም። ጋሽ ሽፈራው ልጁ ታሟል ብለው ብርቱካን አስገዙኝና ልንጠይቀው ታክሲ ውስጥ ገባን። ፌስታሉ ጭኔ ላይ ነበር። ታክሲው ሰው ሊጭን አንድ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሲቆም ዳዊትን አየሁት። ቀይ ቱታ ለብሶ፣ ከአዲሱ መኪና አጠገብ ቆሞ ነዳጅ ያስቀዳል። እሱም አየኝ። እጁን ለሰላምታ ወደ ላይ አነሣ፤ ከዚያ እጁ ምን እንደሚሠራ የጠፋው ይመስል ቱታውን ያራግፍ ጀመር። ጋሽ ሽፈራው የማየውን ተከትለው አዩት። ትንሽ ቆይተው ለረዳቱ ወራጅ አለ አሉት፤ ወርደን በመጣንበት መንገድ በእግራችን ተመለስን። ብርቱካኑን ጋራዥ ደርሰን ራሳችን በላነው። ጎምዛዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሽፈራው ሌላ ሰው ሆኑ። ዳዊት የሚያውቀውን ነገር ሁሉ መቀየር ያዙ። የጎማውን ንፋስ ቀየሩ። እኔና እሳቸው በመኪና ውስጥ የምንግባባበትን የእጅ ምልክት ቀየሩ። የጋራዡን ቁልፍ እንኳ ቀየሩ። ውድድሩ ሊደርስ ሲል ደግሞ ግራሩ ሥር እንደማንቆም ነገሩኝ።

"ሞተሩ ይግላል ጋሼ" አልኳቸው።

"ይጋል። የእሱን መላ ከምጠቀም ይቃጠል።"

"መላው እኮ የእኔ ነው።"

"ነበረ። አሁን የእነሱ ሆኗል።"

በምሳሌ፣ በሥዕል፣ በቁጥር ላስረዳቸው ሞከርኩ። የሚያቃጥላቸው ሌላ ነገር ስለነበር አልሰሙኝም።

የውድድሩ ጠዋት የጥቅምት ብርድ ጣት ይቆርጥ ነበር። ደብረ ዘይትን ስናልፍ ፀሐይዋ ሞቀች፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ጤፍ ማጎንበስ ጀምሮ ነበር፣ አቧራው በመስኮት ገብቶ ጥርሳችን መሐል ይንኮሻኮሻል። አምስተኛ ነበርን፤ ቀዮቹ ከፊታችን ናቸው። ቁልቁለቱን ታጥፈን ግራሯን ሳይ ቀዩ መኪና ሥሯ ቆሟል። ኮፈኑ ተከፍቷል። ዳዊት የነሐሷን ፍሬ በከንፈሩ ይዞ ሞተሩ ላይ ጎንብሷል። የእኔና የእሱ ፉል፣ የእኔና የእሱ ክረምት፣ ለሌላ ሰው መኪና። ጋሽ ሽፈራው ነዳጅ ረገጡ። ለጥቂት ጊዜ ቀዮቹን ቀደምናቸው፤ ጋሽ ሽፈራው እንደ ልጅ ፈገግ ሲሉ አየሁ። እኔ የማየው የሙቀት መለኪያዋን ነበር።

ሞጆ ሳንደርስ እንፋሎቱ ኮፈኑን ሸፈነው። የሞተሩን ራስ የሚያሽገው ጉርኒሲዮን ተቃጥሏል። ዳር ይዘን ቆምን። ቀዩ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ የሚያምር ድምፅ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ትንሽ ቆይቶ የቀዮቹ ፒክአፕ መጣና ቆመ። ዳዊት ዘልሎ ወርዶ፣ ማንንም ሰላም ሳይል፣ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ አየ።

"ለምን አልቆማችሁም?" አለ።

ጋሽ ሽፈራው ፊታቸውን ወደ ጤፉ አዞሩ። "አንተ ስላለህ" አልኩት እኔ።

"እኔ ብኖርስ? አየሩን ይዤ አልሄድኩም እኮ፣ ቲቸር።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ዳዊት ውሃ አወረደልን፣ ገመድ አሠረልን፣ የራሱ ቡድን እየጠበቀው እስከ ናዝሬት ጎትቶ ወሰደን። መንገዱን ሙሉ ገመዱን እያየሁ፣ እናቱ ታመዋል፣ ቀዮቹ ሊያሳክሙለት ቃል ገብተውለት ይሆናል፣ ሊነግረን ፈርቶ ይሆናል እያልኩ ጠበቃ ቆምኩለት። ናዝሬት ስንደርስ ግማሽ በግማሽ ይቅር ብዬው ነበር።

ሽልማቱ የተሰጠው በአንድ ሆቴል ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የቆቃ ዓሣ ተጠብሶ ቀረበልን። ቀዮቹ አንደኛ ወጥተዋል። አስተናባሪው ምስጢሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ሹፌሩ ዳዊትን በትከሻው አቅፎ ወደ ፊት አመጣውና የአየሩን ነገር ያሰበው ይህ ልጅ ነው አለ። ማይክሮፎኑን ለዳዊት ሰጡት። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። ስሜን ባይጠራ እንኳ "አንድ ጓደኛዬ" ቢል ይበቃኝ ነበር። ዳዊት አየኝ፤ በደንብ አየኝ።

"በራሴ ነው የደረስኩበት" አለ። "ብዙ ለፍቼበታለሁ።"

ተጨበጨበለት። ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። "ከድር፣ ብላ፤ ይቀዘቅዛል" አሉኝ።

መኪናዋ ኅዳር ሳያልቅ ተሸጠች። የገዛት ሰው ከወገቧ በላይ ነጭ ቀብቶ ታክሲ አደረጋት፤ አልፎ አልፎ ሰው ጭና በልደታ ስታልፍ አያት ነበር። ጋሽ ሽፈራው ከዚያ ወዲህ አልተወዳደሩም። ጋራዡም አሁን የለም፤ ቦታው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ እኛ ሞተር የምናወርድበት ጥግ ላይ ፀጉር ቤት አለ። ከዳዊት ጋር ከዚያ ቀን በኋላ ተነጋግረን አናውቅም።

እንግዲህ ለዚያች ተማሪዬ የምመልስላት ይህን ነው። የውጭዎቹ መሐንዲሳቸውን ቤት የሚያስቀምጡት በውል ነው። እኛ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጀርባ እየሠራን አንድም ቀን ውል ተፈራርመን አናውቅም። ቢኖረንም ግን እኔን የሚጠቅመኝ አይመስለኝም። ሰው የተሻለ እንጀራ ወዳለበት ይሄዳል፤ በመሄዱ ብቻ ዛሬ ዳዊትን አልወቅሰውም። በማይክሮፎኑ ግን እወቅሰዋለሁ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም አልበረደልኝም፤ ይበርድልኛል ብዬም አልጠብቅም።

በየዓመቱ የአየር እፍጋትን ሳስተምር ስለ ነሐሷ ፍሬ አነሣለሁ። ሐሳቡ የእኔ ነበር እላለሁ፤ ቀጥዬም ያለ ዳዊት እጅ ግን ወረቀት ላይ ይቀር ነበር እላለሁ። ስሙ አፌ ላይ አይጣፍጠኝም። ቢሆንም እጠራዋለሁ፣ ምክንያቱም ስሙ እስኪጠራ ጠብቆ የቀረ ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እናንተም አንድ ጊዜ ሞክሩት። ከከዳችሁ ሰው ጋር የሠራችሁት አንድ ጥሩ ነገር አይጠፋም፤ ነገ ስለዚያ ነገር ለሰው ስታወሩ የእሱን ድርሻ በስሙ ጥሩለት። ይቅር በሉት አላልኳችሁም። ስሙን ብቻ ጥሩት።